ከፊርማው በፊት ለተጠጣው ውሃ ማን ይክፈል?

ለ፦ በአዲስ አበባ ለምትገኙ የአስቸኳይ ጊዜ እርዳታ ገንዘብ አስተዳዳሪዎችና የለጋሽ አገሮች ተወካዮች

ጉዳዩ፦ "አስቸኳይ" የተባለው ገንዘብ አደጋው ካለፈ በኋላ እንዳይደርስ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ወገኖች፣

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ጋዜጠኛም አይደለሁም። በአንድ አገር በቀል የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ለብዙ ዓመታት ፕሮፎርማ ስሰበስብ፣ የክፍያ ሰነድ ሳዘጋጅና ደረሰኝ ስለጥፍ የኖርኩ የፋይናንስ ሠራተኛ ነኝ። ስለ ድርቅና ስለ ጎርፍ የሚጻፉ ደብዳቤዎች ከእኔ ዓይነት ክፍል ብዙም አይወጡም። የተጠማ ሰው ውሃ የሚያገኝበትን ቀን ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ግን በጠረጴዛችን ላይ ያለው የወረቀት ክምር ነው። ከዚያ ክምር ውስጥ አንድ ነገር መዝዤ ላሳያችሁ።

ነገሩ የሆነው በቦረና ነው። እንደምታውቁት በዚያ አካባቢ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈዋል። የመጨረሻው፣ ሀገያ የሚሉት የጥቅምትና የኅዳር ዝናብ፣ በ2015 ዓ.ም. እንደገና ሳይመጣ ሲቀር ከብቱ ቀድሞ አልቆ ስለነበር ተራው የሰው ሆነ። እንሠራበት በነበረው ወረዳ ኩሬዎቹ ደርቀው መሬታቸው እንደ ተሰበረ ገል ተሰነጣጥቆ ነበር። የጥልቅ ጉድጓዱን ውሃ የሚስበው ጀነሬተር ተበላሽቷል። ቅርብ የሚባለው ውሃ ለደርሶ መልስ ሙሉ ቀን ይፈጃል። የወረዳው የአደጋ ስጋት ጽሕፈት ቤት ከውሃ ጽሕፈት ቤቱ ጋር ቦታው ድረስ ሄዶ ያየውን በቃለ ጉባኤ አስፍሮ፣ ማኅተም አሳርፎ ሰጠን። እኛም ያንን አባሪ አድርገን ለአንድ የአስቸኳይ ጊዜ ፈንድ አመለከትን። ፈንዱን በስም አልጠራውም፤ በሌሎቹም በኩል ያየሁት ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም።

ማመልከቻችን አራት ጊዜ ተመለሰ። አንዴ የበጀት ሰንጠረዡ በአዲሱ ቅጽ አልተሞላም ተብሎ። አንዴ የተጠቃሚዎች ቁጥር በጾታና በዕድሜ ተከፋፍሎ ይቅረብ ተብሎ፤ ይህኛው ተገቢ ጥያቄ ነበር። አንዴ ደግሞ "የፕሮጀክቱ ዘላቂነት" በሚለው ክፍል ሥር የጻፍነው አያጠግብም ተብሎ። በቦቴ ተጭኖ ስለሚመላለስ ውሃ ዘላቂነት ምን ተብሎ እንደሚጻፍ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። አራተኛውን ምክንያት ረስቼዋለሁ።

በጥር መጀመሪያ ላይ ማመልከቻው "በመርህ ደረጃ" ተቀባይነት ማግኘቱን የሚገልጽ ኢሜይል ደረሰን። ፊርማው ግን ገና ነበር። በዚያው ሳምንት ከቀበሌው ሁለት ሽማግሌዎች ወደ ቢሮአችን መጡ። አልጮሁም፣ አልተቆጡም፤ ወንበር ላይ ተቀምጠው "መቼ ነው?" ብቻ አሉ። ሥራ አስኪያጃችን እኔን አየኝ፤ እኔም መሬት አየሁ። ከዚያ በኋላ በከተማው ውስጥ ቦቴ ወደሚያከራይ አንድ ሰው ሄድኩ። ከዚህ በፊት አብሮን የሠራ፣ ክፍያ ሲዘገይ ስልክ እየደወለ የማያስጨንቅ ሰው ነው። ሁኔታውን ስነግረው "ለነዳጁ ብቻ ስጪኝ፤ የቀረውን ስታገኙ ትሰጡኛላችሁ" አለኝ።

ጥር 8 ቀን 2015 ዓ.ም. የመጀመሪያው 10,000 ሊትር ውሃ ወጣ። ዓለም አቀፉ የእርዳታ መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ይላል። እኛ 5 ሊትር እያደረስን ለ2,000 ሰው አብቃቃነው። በቀን አንድ ምልልስ ነበር። የቀበሌው ኮሚቴ ቦቴው በደረሰ ቁጥር የመኪናውን ሰሌዳ፣ ሰዓቱንና የውሃውን መጠን መዝግቦ ሦስት ሰው ፈርሞበታል። ያን መዝገብ አሁንም አስቀምጬዋለሁ፤ አንዱ ገጽ ላይ የውሃ ጠብታ አርፎበት ቀለሙ ተበትኗል።

ስምምነቱ ጥር 19 ቀን ተፈረመ። ገንዘቡ ወደ ሒሳባችን የገባው ደግሞ መጋቢት ውስጥ ነው። በዚያው ሰሞን ዝናቡም መጣ። በረሀብ የደከሙ የተረፉ ከብቶች ጎርፍ ሲወስዳቸው፣ የእኛ ቦቴ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ በትራክተር ተጎትቶ ወጣ። ለጥም የተጠየቀው ገንዘብ ከዝናብ ጋር እኩል ደረሰ ብዬ ለአንድ ጓደኛዬ ብነግራት ቀልድ መሰላት።

በቀጣዩ ዓመት ኦዲተሩ መጣ። ትሑትና ሥራውን የሚያውቅ ወጣት ነበር። የ11 ቀናቱን ሰነድ ለብቻ አስቀመጠና "እነዚህ ተቀባይነት የላቸውም" አለኝ። ደረሰኙ ሐሰተኛ ነው? አይደለም። ውሃው አልደረሰም? ደርሷል፤ ኮሚቴው ፈርሟል። ዋጋው ተጋንኗል? እንዲያውም ከገበያው ያነሰ ነው። ታዲያ ምንድን ነው? "ቀኑ" አለ። ወጪው የወጣው ስምምነቱ ከመፈረሙ በፊት ነው። መመሪያውን ገልጦ አሳየኝ፤ በመመሪያው መሠረት ልክ ነበር። በሪፖርታችን ላይም እንዲሁ ሆነ፤ እነዚያ 2,000 ሰዎች ውሃ መጠጣት የጀመሩት ጥር 19 ቀን ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት 11 ቀናት፣ 110,000 ሊትር ውሃም፣ በየትኛውም የእናንተ ሰነድ ውስጥ የሉም። ለቦቴው ባለቤት የከፈልነው ከአምስት ወር በኋላ፣ የሠራተኛ ደመወዝ አዘግይተን ነው።

ደብዳቤዬ ስለዚች የፊርማ ቀን ነው። ሌላው ሁሉ ከእርሷ የሚመነጭ ወይም ወደ እርሷ የሚመለስ ነው።

"ፈጣን ገንዘብ ብሎ ነገር የለም" ብለሽ ከሰስሽን እንዳትሉኝ አስቀድሜ የማውቀውን ልናገር። አለ። የተባበሩት መንግሥታት ማዕከላዊ የአስቸኳይ ጊዜ ምላሽ ፈንድ በታኅሣሥ 2005 እ.ኤ.አ. በጠቅላላ ጉባኤው ውሳኔ ተቋቁሞ በመጋቢት 2006 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀምሯል። ከእርሱ በፊት የነበረው 50 ሚሊዮን ዶላር ያለው የብድር ቋት ነበር፤ ድርጅቶች ተበድረው ለጋሽ ሲገኝ ይመልሱ ነበር። ብድሩ ወደ ስጦታ የተለወጠው ለጋሽ እስኪገኝ ሰው እንደሚሞት በተደጋጋሚ በመታየቱ ነው። የቀይ መስቀልና ቀይ ጨረቃ ማኅበራት ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን የአደጋ ምላሽ ፈንዱን ያቋቋመው በ1985 እ.ኤ.አ. ነው። ስታርት ፈንድ የሚባለው የእርዳታ ድርጅቶች የጋራ ቋት ደግሞ ጥሪ ከቀረበለት በ72 ሰዓት ውስጥ ይወስናል፤ ሥራውም በ45 ቀናት እንዲያልቅ ይጠይቃል። በባንግላዴሽ በ2020 እ.ኤ.አ. ጎርፉ ከመድረሱ በፊት የወንዙ መጠን ትንበያ የተወሰነ ልክ ሲያልፍ ብቻውን ገንዘብ የሚያስለቅቅ አሠራር ተሞክሮ ሠርቷል። ሰው ሳይፈርም ማለት ነው፤ ፊርማው አስቀድሞ ተቀምጦ ነበርና።

እነዚህ አሠራሮች በዋዛ አልተፈጠሩም፤ በከፊል ከእኛ አገር ሬሳ የተማሩ ናቸው። የ1966ቱን የወሎ ረሀብ ልተወው፤ ያንን የደበቀው የራሳችን መንግሥት ነው። የ1977ቱ ግን ሌላ ነው። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ለጋሾችን ሰብስቦ ሊመጣ ያለውን ተናግሯል። ገንዘቡ የጎረፈው ግን በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የኮረም ምስል በዓለም ቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ነው። በመካከሉ ሰባት ወር አለ። ከዚያ ከ26 ዓመት በኋላ በሶማሊያ ያው ሆነ። ማስጠንቀቂያው ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲሰጥ ቆይቶ ረሀብ መግባቱ በይፋ የታወጀው በሐምሌ 2011 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ ረሀብ ከ250,000 በላይ ሰው እንዳለቀ፣ ከሟቾቹም ግማሽ ያህሉ ከአዋጁ በፊት እንደሞቱ ኋላ ላይ ተጠንቶ ታውቋል። ገንዘቡ አዋጁን ጠበቀ፤ ሞቱ አልጠበቀም።

ታዲያ ከዚህ ሁሉ ትምህርት በኋላ ፍጥነቱ የት ላይ ያልቃል? በእኔ ልምድ አዲስ አበባ ላይ ያልቃል። ማዕከላዊው ፈንድ ከአመሠራረቱ ገንዘብ የሚሰጠው ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ነው። ከኒው ዮርክ ተነሥቶ እነሱ ጋ እስኪደርስ ቀናት ይበቁታል። ከዚያ ወደ እኛ ዓይነቱ ድርጅት ለማለፍ አዲስ ማመልከቻ፣ አዲስ የአቅም ግምገማ፣ አዲስ ስምምነት ያስፈልገዋል። ከአዲስ አበባ እስከ ቦረናዋ ከተማ ያቤሎ ከ550 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ አንድ ቀን መንገድ ነው። ለገንዘቡ ግን ከኒው ዮርክ ይልቅ ያቤሎ ሩቅ ሆናለች።

የበለጠ የሚቆረቁረኝ ሌላ ነገር ነው። ይኸው ማዕከላዊ ፈንድ ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ሲሰጥ፣ አደጋው ከደረሰ በኋላ ገንዘቡ ከመለቀቁ በፊት የወጣን ወጪ በተወሰኑ ሳምንታት ገደብ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚቀበልበት አሠራር አለው። ትክክልም ነው። አደጋ ላይ ያለ ሰው እያየ እጁን አጣጥፎ የሚጠብቅ ድርጅት እንዲኖር አልተፈለገም። ታዲያ ለትልቁ ድርጅት የታሰበው ነገር ከእርሱ ሥር ውል ለሚፈርመው ለትንሹ ሲደርስ ለምን ይቆረጣል? መጋዘንና ተቀማጭ ያለው ወደ ኋላ ተመልሶ ይከፈለዋል። የሁለት ወር ደመወዝ እንኳ በእጁ የሌለው "ቀኑ" ይባላል።

ቀድሞ የሚደርሰው ማን እንደሆነ ለማወቅ ጥናት የሚያስፈልግ ከመሰላችሁ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም.ን አስታውሱ። በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ መሬቱ ተንዶ ቤተሰቦችን ቀበረ። ጎረቤት በዶማ፣ በአካፋና በባዶ እጁ ሊያወጣቸው ሲረባረብ ሁለተኛው ናዳ በላያቸው ወረደ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ከሞቱት መካከል ለማዳን የሮጡ መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች ነበሩበት። የማንም ፈንድ ማሽን እስኪመጣ አልጠበቁም። እነሱን ተከትለው የደረሱትም የአካባቢው ወጣቶች፣ ቀይ መስቀል፣ አብያተ ክርስቲያናትና ከአጎራባች ወረዳ እንጀራ ጭነው የመጡ ሰዎች ነበሩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ከግዥ ሠራተኞች በቀር ያስተዋለው ያለ አይመስለኝም። ናዳው በደረሰ በሳምንቱ፣ ሐምሌ 22 ቀን፣ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በመጀመሪያው ቀን ከ74 ብር አለፈ፤ በሳምንታት ውስጥ ደግሞ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በዚያ ሰሞን ሸራ፣ ብርድ ልብስ፣ ጀሪካን ወይም ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ ለመግዛት ሦስት ፕሮፎርማ ይዞ የግዥ ኮሚቴ የጠበቀ ሰው ምን እንደደረሰበት ያውቀዋል። ነጋዴዎቹ በፕሮፎርማው ግርጌ "ለሦስት ቀን ብቻ ያገለግላል" ብለው መጻፍ ጀምረው ነበር። የእናንተ የማጽደቂያ ሰንሰለት ደግሞ በሳምንት የሚቆጠር ነው። ዋጋው ሲያልፍ እንደገና ፕሮፎርማ፣ እንደገና ቃለ ጉባኤ፣ የበጀት ለውጥ ከአሥር በመቶ ከበለጠ እንደገና ፈቃድ። እኔ በበኩሌ ያን ክረምት መርካቶ ውስጥ ከተመላለስኩት ብዛት የሸራ ተራ ልጆች በስሜ ይጠሩኝ ጀመር።

አሁን ስለ እድር ላውራችሁ። በመካከላችሁ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ለእነሱ አዲስ አይደለም፤ ለአለቆቻቸው ግን ያስረዱልኝ።

የሰፈሬ እድር በየወሩ መዋጮ ይሰበስባል። ሰው ሲሞት ድሮ ጥሩምባ ይነፋ ነበር፤ ዛሬ የስልክ መልእክት ይደርሰናል። ድንኳኑ ከመጋዘን ይወጣል፣ ወንበሩ ይደረደራል፣ ገንዘቡ በዚያው ቀን ለሐዘንተኛው ይሰጣል። ገንዘብ ያዡ ሐዘንተኛውን የሞት ማስረጃ ከሦስት ቅጂ ጋር አምጣ አይለውም፤ ሞቱን ጎረቤት አይቷል፤ እማኝ አለ። ይህ ማለት ግን እድራችን የዋህ ነው ማለት አይደለም። መዋጮ ያሳለፈ ይቀጣል። ቀብር የቀረ ይቀጣል። ድንኳን ቀዶ የመለሰ ያሰፋል። በዓመት አንድ ጊዜ ሒሳብ መርማሪዎች ይመረጣሉ፤ እኔ ሁለት ጊዜ ተመርጬ አንዴ የጎደለ 400 ብር አግኝቼ አስመልሻለሁ፤ ገንዘብ ያዡ እስከ ዛሬ ሰላምታው ቀዝቃዛ ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ፤ ገንዘቡ ከሞቱ በፊት ይሰበሰባል፣ በሞቱ ቀን ይወጣል፣ ከቀብር በኋላ ይመረመራል። እናንተ ጋ አደጋው ቀድሞ ይመጣል፣ ምርመራው ይከተላል፣ ገንዘቡ ለለቅሶው መልስ ይደርሳል።

ጥርጣሬያችሁ መሠረት የለውም አልልም፤ እንዲያ ብል እኔን ራሴን አላምነኝም። በ2023 እ.ኤ.አ. የዓለም ምግብ ፕሮግራምና የአሜሪካ ዓለም አቀፍ የልማት ተራድኦ ድርጅት እርዳታ እህል በስፋት ለሌላ ዓላማ ውሏል ብለው በመላው ኢትዮጵያ የምግብ እርዳታን ለወራት አቁመው ነበር። ባዶ የደረሰኝ ጥራዝ ሲሸጥ አይቻለሁ። በሥራ ላይ ያልነበረ የቀን ሠራተኛ በፔይሮል ላይ ሲፈርም አይቻለሁ። አንዳንዱ "አገር በቀል" ተብሎ የተመዘገበ ድርጅት ከአንድ ቤተሰብ፣ ከአንድ ማኅተምና ከአንድ መኪና የማያልፍ መሆኑንም አውቃለሁ። ነገር ግን ያ ሁሉ ስርቆት የተፈጸመው ፊርማው፣ ቅጹና ሦስቱ ፕሮፎርማ ሁሉ ተሟልተው ባለበት ነው። የሚሰርቅ ሰው ቀን አይስትም። ሰነዱ ከእኔ ሰነድ ይልቅ የጠራ ነው። ቀኑን የሚስተው ሽማግሌዎቹ መጥተው "መቼ ነው?" ያሉት ሰው ነው። እርዳታው በቆመባቸው ወራት ደግሞ የተቀጣው እህሉን የሸጠው አልነበረም።

በምዘናችሁ ላይም አንድ ቃል። ትናንሽ ድርጅቶችን "ከፍተኛ ስጋት" በሚል ደረጃ ታስቀምጡና ገንዘቡን ከፋፍላችሁ በትንሽ በትንሹ ትለቃላችሁ። ሁለተኛው ክፍያ የሚመጣው የመጀመሪያው ተወራርዶ ሪፖርቱ ሲጸድቅ ነው። በመካከሉ ሥራው ይቆማል። በዓመቱ መጨረሻ "አፈጻጸሙ ደካማ ነው" ተብሎ ይጻፍና ያው ደረጃ ይጸናል። በአንድ ዓመት ውስጥ አራት ለጋሾች አቅማችንን ገምግመዋል፤ አራቱም የጠየቁት ያንኑ የግዥ መመሪያ፣ ያንኑ የኦዲት ሪፖርትና ያንኑ የቦርድ ቃለ ጉባኤ ነው። አንዱ የገመገመውን ሌላው ቢቀበለው ምን ይጎድልበታል?

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። የወጪው መነሻ ቀን እናንተ የፈረማችሁበት ቀን መሆኑ ይቅርና የወረዳው ኮሚቴ አደጋውን አይቶ በቃለ ጉባኤ ያረጋገጠበት ቀን ይሁን። ገደብ አብጁለት፤ ከጠቅላላው በጀት ይህን ያህል እጅ አይለፍ በሉ፤ ውሃ፣ መጠለያ፣ ሕክምናና ለተጎዱ ሕፃናት አልሚ ምግብ ብቻ ይሁን በሉ። ማመልከቻው ውድቅ ከሆነ ኪሳራው የእኛ ይሁን፤ እሱን እንሸከማለን። ከጸደቀ ግን ውሃው የተጠጣበትን ቀን አትካዱብን።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ገንዘብ አስቀድሞ ስለማስቀመጥ ነው። በቦረና ድርቅ፣ በአዋሽና በዋቢ ሸበሌ ዳርቻ ጎርፍ እንግዳ አይደለም። ዓመቱን ባናውቅ እንኳ ወሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። የተመረመሩና የታወቁ ድርጅቶች በዞን ደረጃ ትንሽ ተቀማጭ በብር ይኑራቸው፤ ከዝናቡ ወቅት በፊት ከቦቴ ባለንብረቶችና ከጅምላ ነጋዴዎች ጋር የተፈረመ ውል ይኑር። በውሉ ላይ መንግሥት የነዳጅ ዋጋ ሲከልስ ኪራዩ በምን ያህል እንደሚስተካከል አስቀድሞ ይጻፍ። ያኔ ሦስቱ ፕሮፎርማ የሚሰበሰበው ሰው ሳይጠማ፣ በሰላሙ ጊዜ ነው። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በአፋር ክልል አዋሽ ፈንታሌና ዱለቻ አካባቢ መሬት መንቀጥቀጡ ሲደጋገም በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ቤቱን ጥሎ ወጥቷል። ምድሪቱ ለሳምንታት እየነገረችን ነበር። እንዲህ ላለው ማስጠንቀቂያ ቢያንስ ሸራው መጋዘን ውስጥ ሊጠብቅ ይገባው ነበር።

ቅጹን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማልኛ አውጡት። የወረዳው ባለሙያ ያየውን በራሱ ቋንቋ ይጽፋል፤ እኛ ሌሊቱን ወደ እንግሊዝኛ እንገለብጣለን፤ እናንተ ደግሞ እንግሊዝኛው ግልጽ አይደለም ብላችሁ ትመልሱታላችሁ።

በዚህ አጋጣሚ ለራሳችን መንግሥት መሥሪያ ቤቶችም የምለው አለ፤ መዘግየቱን ሁሉ በፈረንጅ ላይ መደፍደፍ ውሸት ይሆንብኛል። ለጋሹ ከፈረመ በኋላ የፕሮጀክት ስምምነቱ በሴክተር ቢሮዎችና በፋይናንስ በኩል ሲዞር የሚያልፉትን ቀናት ቆጥሬ አውቃለሁ። ባለሙያው መስክ ወጥቷል፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው፣ ማኅተም ያዥዋ ለቅሶ ሄዳለች። የ2011ዱ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ የቀደመውን የአሥር በመቶ የውጭ ገንዘብ ገደብ አንሥቶ በሩን ከፍቶልናል፤ ለአስቸኳይ ጊዜ ሥራ ግን አንድ መስኮት፣ አንድ ፊርማ፣ የሁለት ቀን ገደብ ብታበጁልን ምን ነበረበት?

ገንዘብ እያነሰ ባለበት ጊዜ ይህን ማንሣቴ ሊያስገርማችሁ ይችላል። አሜሪካ በጥር 2025 እ.ኤ.አ. የውጭ እርዳታዋን ካቆመች ወዲህ ምን እንደተዘጋ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ የዓለም ምግብ ፕሮግራም በገንዘብ እጥረት ምክንያት ለ650,000 የተጎዱ እናቶችና ሕፃናት የሚሰጠውን የተመጣጠነ ምግብ ሕክምና ማቆሙን ተናግሯል። በ2016 እ.ኤ.አ. ኢስታንቡል ላይ ትልልቆቹ ለጋሾችና ድርጅቶች ከእርዳታው ገንዘብ ቢያንስ 25 በመቶው በተቻለ መጠን በቀጥታ ለአገር ውስጥ ተቋማት እንዲደርስ ቃል ገብተው ነበር፤ ቀነ ገደቡ 2020 እ.ኤ.አ. ነበር፤ አልደረሰም። ለማዕከላዊው ፈንድ በየዓመቱ ይሰበሰባል የተባለው አንድ ቢሊዮን ዶላርም አንድም ዓመት አልሞላም። ትንሽ ያለው ሰው ደግሞ ቀን አያሳልፍበትም። በጥር የደረሰ 10,000 ሊትር ውሃ ሰውን በቀዬው ያቆየዋል። በመጋቢት የደረሰው ገንዘብ መጠለያ ጣቢያ የገባውን ሰው ለማቆየት ይውላል፤ እሱም አይበቃም።

የቦቴው ባለቤት ደህና ነው። ባለፈው ዓመት ለሌላ ሥራ ደውዬለት ነበር። ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ፣ ስለ ሥራ አስኪያጃችን ጤና ጠየቀኝ፣ ስለ ጎማ መወደድ ትንሽ አማረረ። ከዚያ እንደ ድሮው ለነዳጁ ብቻ ከፍዬ ቦቴው ይውጣ ስለው ዝም አለ። "አንቺን አምንሻለሁ፤ እነሱ ግን ገንዘቡን ሲልኩ ላውጣው፤ ቢያንስ ግማሹን" አለኝ። ግማሹ የለኝም። ማመልከቻችን እናንተ ዘንድ ነው፤ ሁለተኛ ጊዜ የተመለሰው ባለፈው ማክሰኞ ነው።

ከሰላምታ ጋር

አንዲት የፋይናንስ ሠራተኛ

ግልባጭ፦
ለወረዳው የአደጋ ስጋት ጽሕፈት ቤት
ለቀበሌው የውሃ ኮሚቴ
ለቦቴው ባለቤት